«መስኮት!» ያልኩ ዕለት

የዚያን ቀን በፉርጎው ውስጥ፣ በእኛ መቀመጫ ዙሪያ የነበርነው እነዚህ ነን። እኔ ነበርኩ። አሥራ አንድ ዓመት የሞላት ልጄ በቀኜ ነበረች። በግራዬ፣ መስኮቱ ዳር፣ አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች፣ የካዛንቺስ ልጅ ነኝ ያለችን ጥልፍ ሠሪ ወጣት ነበረች። ከእሷ ፊት ለፊት፣ እሳቸውም መስኮት ዳር፣ ከድሮው ባቡር ጡረታ የወጡ አዛውንት ተቀምጠዋል። ከመተላለፊያው ማዶ ስልክ ከጆሮው የማይለይ፣ ሽርጥ ያገለደመ ነጋዴ ነበር። ከነጋዴው ኋላ የቆዳ ጃኬት የለበሰ ግዙፍ ሰው ነበር። ሰማያዊ ዩኒፎርም የለበሰች አስተናጋጅ ትመላለሳለች፤ በሩ ላይ አንድ ጥበቃ ቆሟል። ፉርጎው በሌላ ሰውም ሞልቶ ነበር፤ የሆነውን በቅርብ ያየነው ግን ስምንታችን ነን። አንድ በአንድ የምጠራችሁ ከእናንተ አንዱ ይህን ያነበው ይሆናል ብዬ ነው።

ባቡሩን የመረጥኩት ፈርቼ ነው። እህቴ ድሬዳዋ ትኖራለች፤ እግሯ ተሰብሮ ተኝታለች ሲሉኝ ልጠይቃት ተነሳሁ። አውቶቡስ እፈራለሁ። ሹፌሩ ያንቀላፋል፣ ፍሬን እምቢ ይላል፣ ከፊት የሚመጣው መኪና መብራት የለውም። ባቡር ግን ሐዲዱን ይዞ ነው የሚሄደው፤ ወዴት ይስታል? እንዲህ ብዬ አሰብኩ። ለልጄም ሁለት ሹራብ፣ ሎሚ፣ ብታስመልስ ብዬ ፌስታል፣ ብትወድቅ ብዬ ፋሻና የቁስል አልኮል ያዝኩ። ልጄ ቦርሳዬን አይታ «እማ፣ እህትሽን ልንጠይቅ ነው ወይስ ክሊኒክ ልንከፍት?» አለችኝ።

ቤቴ ቂርቆስ ነው። ድሮ ቢሆን ኖሮ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በእግሬ ለገሃር ወርጄ እሳፈር ነበር። አሁን ከለገሃር ባቡር አይነሳም። ለአዲሱ ባቡር ገና ጎህ ሳይቀድ ለቡ ድረስ መሄድ ነው።

ቲኬታችን ላይ የመስኮቱ ቦታ የልጄ ነበር። መካከለኛው የእኔ፣ የዳሩ የዚያች ወጣት። እኔ ልጄን መስኮት ዳር ማስቀመጥ አልወድም። ምክንያቱን በኋላ እነግራችኋለሁ።

«የኔ ልጅ፣ ቦታ ብትለዋወጪን?» አልኳት ወጣቷን። «ልጄ መስኮት ዳር ስትቀመጥ ያዞራታል።»

ውሸቴን ነበር።

«እማ፣ መቼ ነው ያዞረኝ?» አለች ልጄ።

«አንቺ ዝም በይ!»

ወጣቷ ሳቀች። «እኔማ ደስ ይለኛል ማዘር፤ ለጥልፍ ብርሃን እፈልጋለሁ። ግን እንዲህ የሚፈሩት፣ ባቡሩ ክንፍ አለው ብሎ የነገረዎት ሰው አለ?»

ተለዋወጥን። እሷ መስኮቱ ዳር ገባች፣ ልጄ ወደ መተላለፊያው ወጣች፣ እኔ መሃል ቀረሁ። ወጣቷ ከቦርሳዋ ገና ያላለቀ የቀሚስ አንገት አውጥታ ጭኗ ላይ ዘረጋች። ጥቁር ሰማያዊና ወርቃማ ክር ነው፤ መስቀሎቹ ከምስር ፍሬ አይበልጡም። ለማን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ለናሙና ነው» አለችኝ። «የምሠራበት ሱቅ ፈርሷል፣ ቤታችንም በቅርብ ይፈርሳል። ድሬዳዋ ጓደኛዬ ሱቅ ከፍታ ነይ ብላኛለች። እጄን ላሳያቸው ብዬ ነው። በቃ፣ ዓይኔና ጣቴ እስካሉ የትም ሄጄ እንጀራዬን አላጣም።»

ይህን ያለችው እየሳቀች፣ ክሩን በጥርሷ እየቆረጠች ነው። ቃሏን አልረሳሁትም፤ ልረሳውም አልችልም።

አዛውንቱ እስከዚያ ባርኔጣቸውን ዓይናቸው ላይ ደፍተው ነበር። «ይሄ ደግሞ ባቡር ነው?» አሉ። «ጣቢያ ላይ ሙዝ አይሸጥበት፣ መስኮቱ አይከፈት። እንደ ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ አሽገው ነው የሚወስዱን።»

«እርስዎማ ሥጋ አይባሉም አባባ፣ ቋንጣ ሆነዋል» አለቻቸው ወጣቷ።

«አፍሽ ይሰፋ! መርፌውንም ይዘሽዋል፣ ራስሽ ስፊው!»

ልጄ እስክታስል ሳቀች። ነጋዴው እንኳን ስልኩን ሳይዘጋ ፈገግ አለ። እስከ አዋሽ ድረስ እንዲህ ነበርን።

አሁን የድሮውን ባቡር ልንገራችሁ። እሱን ሳታውቁ እኔ ያደረግኩት አይገባችሁም።

አባቴ የድሮው ባቡር የፍሬን ሠራተኛ ነበር። ፉርጎው ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ፊሽካ ሲነፋለት የፍሬኑን ብረት የሚያጠብቅ። ያኔ በየቀኑ ጠዋት አንድ ባቡር ከለገሃር ወደ ድሬዳዋ ይነሳል፣ በየቀኑም አንዱ ከድሬዳዋ ወደ እኛ ይመጣል። ሐዲዱ አንድ ስለሆነ አንዱ ሌላውን ጣቢያ ላይ ቆሞ ያሳልፈዋል። ሊትሪና የሚባለው ፈጣኑ ነበር፤ ጫማ የሚያስጠርጉ ሰዎች የሚሳፈሩበት። እኛ የሠራተኛ ቤተሰብ ስለሆንን በሦስተኛ ማዕረግ በነጻ እንሄዳለን፤ በእንጨት ወንበር ላይ፣ ከፍየሉና ከከረጢቱ ጋር። ቀሚስ በቀሚስ ላይ አምስት ደርበው ለብሰው የኮንትሮባንድ ጨርቅ የሚያመላልሱ ሴቶች ነበሩ። ፊናንስ የምንላቸው የጉምሩክ ጠባቂዎች ሲገቡ እነዚያን ሴቶች በፀጉራቸው ጎትተው ሲያወርዷቸው፣ አንዷን በሰደፍ ጥርሷን ሲያረግፏት በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ያኔ ከልጄ አንሳለሁ።

የባቡሩ ትልቁ ጠላት ግን ድንጋይ ነበር። አንዳንዱ ለጨዋታ ይወረውራል። አንዳንዱ ባቡሩ ከብቱን ስለገደለበት ይወረውራል። ባቡሩ ከብት ከገደለ በኋላ በዚያ ቦታ የሚያልፈው ሁሉ፣ ያጠፋም ያላጠፋም፣ ድንጋይ ይቀበላል። የፍሬን ሠራተኞቹ ቦታዎቹን በቃላቸው ያውቋቸዋል። እዚያ ልንደርስ ስንል አባቴ በፉርጎው መሃል እየሮጠ «መስኮት! መስኮት!» እያለ ይጮሃል። የድሮው ባቡር መስኮት ከታች ወደ ላይ የሚሳብ የእንጨት መዝጊያ ነበረው። «መስኮት!» ሲባል ዳር ያለው ሰው መዝጊያውን ስቦ ይሰቅላል፣ ሁሉም ጭንቅላቱን ጉልበቱ መሃል ይቀብራል። ከዚያ ድንጋዩ እንጨቱ ላይ እንደ በረዶ ይወርዳል። ማንም አያብራራልህም። ቃሉ ያ ብቻ ነው። መስኮት ማለት ጎንበስ ማለት ነው።

ለእኛ ለልጆቹ ደግሞ የአባቴ መዳፍ ከቃሉ ይቀድም ነበር። ማጅራታችንን ይዞ ወደ ታች ይደፍቀናል። አንድ ቀን እህቴ፣ ይቺው የድሬዳዋዋ፣ በመዝጊያው ክፍተት አጮልቃ ስታይ ደረሰባት። በጥፊ ሲመታት ግንባሯ ከወንበሩ ብረት ተጋጨ፤ ደሟ በአፍንጫዋ እየወረደ «ከድንጋይ የኔ እጅ ይሻልሻል» አላት። ክፉ ሰው አልነበረም። የአንድ ባልደረባው ጉንጭ በድንጋይ ሲቀደድ ይዞት ነበርና ነው።

ያ ባቡር እያረጀ፣ እየዘገየ፣ መንገድ ላይ እያደረ ቆይቶ አንድ ቀን ቀረ። ለእኛ ማንም መጥቶ አልነገረንም። ቂርቆስ የምትነቃው በፊሽካው ነበር፤ አንድ ጠዋት ሳይሰማ ቀረ፣ በማግሥቱም ቀረ። አባቴ እስኪሞት ድረስ «ዛሬ ደግሞ ዘገየ» ይል ነበር።

እንግዲህ ልጄን መስኮት ዳር የማላስቀምጠው ለዚህ ነው። መስኮት ዳር ሌላ ሰው ይቀመጥ ነበር የኔ ሐሳብ። ሌላ ሰው ማለትም የሰው ልጅ መሆኑን አላሰብኩም።

አዋሽን አልፈን ብዙ ሳንሄድ ባቡሩ ግመሎች ውስጥ ገባ።

መጀመሪያ የሰማነው ጥሩምባውን ነው፤ ረጅም፣ አንድ ጊዜ፣ ሳያቋርጥ። ከዚያ ከፊት በኩል እንደ ባዶ በርሜል የሚደልቅ ድምፅ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከእግራችን በታች የሆነ ነገር እየተንከባለለ ተሰበረ። አጥንት ሲሰበር በብረት ወለል በኩል እግር ድረስ ይሰማል፤ ይህን የማያውቅ አይወቀው። ሁላችንም ወደ ፊት ተወረወርን። የአዛውንቱ ባርኔጣ በረረ። ባቡሩ እየጮኸ፣ እየተንቀጠቀጠ ቆመ። በመስኮታችን ላይ ከታች ወደ ላይ የተረጨ ደም ነበር፤ ገና እየወረደ።

የልጄን ዓይን በእጄ ሸፈንኩት። እኔ ግን አየሁ። አንድ ግመል የኋላ እግሮቹ የሉም፤ በፊት እግሮቹ ለመነሳት ይታገላል፣ ይነሳል፣ ይወድቃል። ድምፁ የሰው ነው የሚመስለው። አንድ ሰውዬ ሮጦ መጣና አንገቱን አቅፎ በቢላዋ ገላገለው። ወዲያው በዚያው ቢላዋ የባቡሩን ጎን መውጋት ጀመረ፤ ብረቱን፣ ደጋግሞ፣ ቢላዋው እስኪታጠፍ። አንዲት ሴት መሬት ላይ ተደፍታ አፈሩን በሁለት እጇ ትመታለች። ስንት እንደሞቱባቸው አላውቅም። ግመሎቹ ሁሉ ነገራቸው እንደነበሩ ግን ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ስለነሱ ክፉ ለማውራት አይደለም የምጽፈው።

ነጋዴው ተነስቶ በስልኩ በአካባቢው ቋንቋ ይጮሃል። አስተናጋጇ «ቁጭ በሉ፣ እባካችሁ ቁጭ በሉ» ትላለች። ከሜዳው ሰዎች እየሮጡ መጡ፤ አሥር፣ ሃያ፣ ከዚያ በላይ።

ወጣቷ በዚህ ሁሉ መሃል ጎንበስ ብላ ወለሉን ትዳብስ ነበር።

«ምን ወድቆብሽ ነው?» አልኳት።

«መርፌዬ ነው ማዘር። ልጅዎን እንዳይወጋት።»

ጎንበስ ብላ ነበር። ይህን አስምሩልኝ። ጭንቅላቷ ከመስኮቱ በታች፣ ከጉልበቷ በታች ነበር። አባቴ ቢኖር «ጎበዝ» ነበር የሚላት።

እኔ ወደ ውጭ ሳይ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ቀና አለ። ቀና ሲል አንድ እጁ ከጀርባው ነበር። ያንን እጅ አውቀዋለሁ። ሠላሳ ምናምን ዓመት አልፎት እንኳ ሰውነቴ ያውቀዋል። ቀኝ እጄ ሄዶ የልጄን ማጅራት ያዘ፣ ወደ ታች ደፈቀው። ግራ እጄ የራሴን ጭንቅላት ሸፈነ። አፌ ደግሞ ጮኸ።

«መስኮት! መስኮት!»

ፊት ለፊቴ ያሉት አዛውንት እንደ ወታደር ተጣጥፈው ጭንቅላታቸውን ጉልበታቸው መሃል ቀበሩ። ከፉርጎው ሁሉ የተረዳኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው ሁሉ መስኮት ሲባል ወደ መስኮት ዞረ። ምን ታይቶ ነው ብሎ። ወጣቷም «ምን?» ብላ ቀና አለች፤ ፊቷን ወደ መስታወቱ አዞረች።

የመጀመሪያው ድንጋይ መስታወቱን እንደ ሸረሪት ድር አደረገው። ሁለተኛው ገባ።

ወጣቷን መታት። እጇን ወደ ፊቷ አነሳች፤ ነገር ግን አልነካችውም፣ አየር ላይ ያዘችው፤ የሚነካው ምን እንደሆነ የፈራች ይመስል። ደሙ በጣቶቿ መሃል አልፎ ሰማያዊና ወርቃማው አንገት ላይ ወረደ። ግራ ዓይኗ ነው። ከዚያ በላይ አልጽፈውም። «ማዘር፣ አላይም» አለች፤ በጣም ዝግ ብላ፣ መብራት ጠፋ እንደሚባለው።

ልጄ አለቀሰች። እሷ ድንጋይ አልነካትም፤ ግንባሯን ከወንበሩ መደገፊያ ጋር ያጋጨኋት እኔ ነኝ። የእንቁላል ያህል አብጦ ነበር። እስከ ዛሬ «እማ፣ ከድንጋዩ በፊት አንቺ ነሽ የመታሽኝ» ትለኛለች።

ድንጋዩ አላባራም። መስታወት በየቦታው ይረግፋል። ያኔ የቆዳ ጃኬት የለበሰው ሰው ተነሳና ነጋዴውን በአንገቱ ያዘው።

«አንተ ነህ! አንተ ነህ በስልክ የጠራሃቸው!»

«ኧረ በእናትህ! እንዲተዉ እያስለመንኩ ነው! አጎቴ ጋ ነው የደወልኩት፣ ሽማግሌ ናቸው፣ እሳቸውን ይሰሟቸዋል...»

አላስጨረሰውም። በቡጢ አፉን መታው፤ ደገመው። ሌሎች ሁለት ከኋላ መጥተው ተጨመሩ፣ ምን እንደሆነ እንኳን ሳይጠይቁ። ነጋዴው መተላለፊያው ላይ ወደቀ፤ ጫማቸው ጎኑ ላይ ሲያርፍ ይሰማል። ስልኩን ረገጡት። ከውጭ እየተወገርን ከውስጥ እርስ በርሳችን እንገዳደል ጀመር። ጥበቃው ከበሩ ለመድረስ ሰውን መርገጥ ነበረበት። ቀድመው የደረሱት አዛውንቱ ናቸው። ነጋዴው ላይ ተደፉበት፤ በሙሉ ሰውነታቸው።

«እኔን ምቱኛ!» አሉ። «ና አንተ ጃኬት! የኔን ጥርስ አታገኝም፣ ድሮ ረግፏል! ሌላውን ስበር!»

ሰውየው እጁን እንዳነሳ ቀረ። ጥበቃው ደርሶ ጎትቶ አስቀመጠው። ወዲያው ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ድንጋዩ ትንሽ ተከተለን፣ ከዚያ ቀረ።

ለልጄ የያዝኩትን ፋሻ አወጣሁ። ብታምኑኝም ባታምኑኝም፣ ከመስጠቴ በፊት ልጄ ግንባር ላይ ደም መኖር አለመኖሩን አይቻለሁ። እንደሌለ ካወቅኩ በኋላ ነው የሰጠሁት። አስተናጋጇ የወጣቷን ዓይን ሳትጫን ዙሪያውን አሰረችላት። ወጣቷ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። እስከሚቀጥለው ጣቢያ ረጅም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች፤ «መርፌውን አገኙት?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ሁለተኛው ውሸቴ ነው።

ጣቢያው ላይ መኪና እየጠበቀ ነው ተባለ። ቃሬዛ አልነበረም። ያ የተደበደበው ነጋዴ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ ሸሚዙ በራሱ ደም ርሶ፣ ጀርባውን ሰጣት። «ነይ እህቴ፣ ልዘልሽ» አላት። ስናነሳት የቀሚሴን ጨርቅ ጨብጣ ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እርስዎ እያለች ነበር የምታናግረኝ።

«ማዘር፣ አትልቀቂኝ» አለችኝ። «አብረሽኝ ውረጂ።»

ልጄን አየሁ። የማላውቀውን ጣቢያ አየሁ። ሜዳው ላይ የቆሙትን ሰዎች አየሁ፤ እነዚያ ምንም አላደረጉም፣ የጣቢያው ሰዎች ናቸው፣ እኔ ግን የሁሉንም እጅ ነበር የማየው። ጣቶቿን ከቀሚሴ አንድ በአንድ አላቀቅኩ። ጠንካራ ጣቶች ነበሯት፤ የጥልፍ ሠሪ ጣት ነው። «እመጣለሁ፣ ሂጂ» አልኳት። ሦስተኛው።

ነጋዴው ተሸክሟት ወረደ። አረንጓዴው ሻሽ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ ሲሄድ አየሁት። ባቡሩ ተነሳ።

ድሬዳዋ ልንደርስ ስንል አዛውንቱ ጎንበስ ብለው ጠየቁኝ። «መስኮት ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ አባቴ።»

«የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነሽ።»

«የፍሬን ሠራተኛ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ያጽናኑኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። «ሌላው ሰው እኮ አያውቀውም ልጄ» አሉኝ፤ ከዚያ ባርኔጣቸውን ዓይናቸው ላይ ደፉት።

አይገርማችሁም? የአዲሱ ባቡር መስኮት የሚሳብ መዝጊያ የለውም። እሷ ቃሉን ብታውቀውም የምትዘጋው ነገር አልነበረም። ማድረግ የነበረባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባለችበት ጎንበስ ብላ መቆየት። እሱን ደግሞ እያደረገችው ነበር። ሁለት እጅ ነበረኝ። ግራው እሷ በተቀመጠችበት በኩል ነበር። ለልጄ እጄን፣ ለራሴ እጄን ሰጥቼ፣ ለእሷ ቃሉን ብቻ ሰጠኋት።

እህቴ ቤት ቀሚሴን ላጥብ ስል መርፌው ጠርዙ ላይ ተሰክቶ አገኘሁት፤ ወርቃማው ክር ገና እንደገባበት ነው። የአንገት ጥልፉም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ማን እንዳስገባው አላውቅም፤ ልጄ ትሆናለች፣ አላስገባሁም ትላለች። እህቴ ታሪኩን ስትሰማ ግንባሯ ላይ ያለውን የድሮ ጠባሳ በጣቷ ዳበሰችው።

በድሬዳዋ የጥልፍ ሱቆችን እየዞርኩ ጠየቅኩ። ጓደኛዋን ያወቀ አልነበረም፤ የእሷንም የጓደኛዋንም ስም አልጠየቅኳትም ነበር። ስመለስ ያንን ጣቢያ ስናልፍ ወርጄ ልጠይቅ ብዬ ነበር፤ ልጄ እጄን ይዛ «እማ አትውረጂ» አለችኝ፣ አልወረድኩም። አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ሰው በሰው አስጠየቅኩ። እዚያ ያሉ ሐኪሞች ወደ አዲስ አበባ ልከዋታል አሉኝ። የት ሆስፒታል እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም።

የቀረኝ የነገረችኝ አድራሻ ነው። «ካዛንቺስ፣ ከዳቦ ቤቱ ኋላ፣ ሰማያዊው በር» ብላኝ ነበር። ከቂርቆስ ወጥቼ በባምቢስ በኩል በእግሬ ሄድኩ። ስደርስ ዳቦ ቤት የለም። አጥር የሆነ ቆርቆሮ ብቻ ነው፤ ከኋላው ኤክስካቫተር። በቆርቆሮው ክፍተት ሳይ ማሽኑ ክንዱን ወደ ኋላ ወስዶ ግድግዳ ይመታል። ያንን ክንድ ወደ ኋላ ሲሄድ ሳየው ሳላስበው ጎንበስ ብዬ ጭንቅላቴን ያዝኩ። አጠገቤ የነበሩ ጎረምሶች ሳቁብኝ። «ማዘር፣ ምን ሆነሽ? ፍልሚያ ላይ ነሽ እንዴ?» አሉኝ። ከግድግዳዎቹ አንዱ በሰማያዊ የተቀባ ነበር፤ በሩ ግን የለም። የእሷ ይሁን የሌላ ሰው አላውቅም። አየሁት፣ ወደቀ።

ወደ ኡራኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ጀበና ያላት አንዲት ሴት አውቃታለሁ አለችኝ። «የጥልፏ ልጅ? ከእናቷ ጋር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሄደዋል።» የት? እሱን አታውቅም። ሌላዋ፣ የለም፣ ድሬዳዋ ገብታ ሱቅ ይዛለች አለች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ጥቁር መነጽር አድርጋ ቤቷ ሲፈርስ ቆማ አይቻታለሁ አሉኝ። ስለ መነጽሩ ጠየቅኳቸው፤ ለፀሐይ ነው ወይስ ለዓይኗ? «እኔ ምን አውቄ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ጥቁር መነጽር ያደረገች ወጣት ባየሁ ቁጥር እቀርባለሁ። ባለፈው ቂርቆስ ደጅ ላይ አንዷን ጎንበስ ብዬ ከሥር ላያት ስል ደረቴን በሁለት እጇ ገፈተረችኝ፤ ግንቡ ላይ ወደቅኩ፣ ክርኔ ተላጠ። «ምን ታፈጫለሽ? አብደሻል?» አለችኝ። እሷ አልነበረችም። አልተቀየምኳትም።

ልጄ አሁን ይህን ስጽፍ አጠገቤ ናት፤ ፊደል ታርምልኛለች። «እማ፣ ሁለት ጊዜ ነው የጮኽሽው ብለሽ በትክክል ጻፊ» አለችኝ። ጽፌዋለሁ። ልጄ ሁለት ዓይኗ ደህና ነው። ማታ መጽሐፏን ስታነብ አያታለሁ፤ አየት አድርጌ ደግሞ ፊቴን አዞራለሁ።

መርፌውና ጥልፉ እኔ ጋ ናቸው። ደሙን አላጠብኩትም፤ ክሩ ይለቃል ብዬ ፈራሁ። የግራው ጎን ገና አላለቀም፣ ስድስት መስቀል ይቀረዋል።

የካዛንቺስ ልጅ ናት። ዕድሜዋ ሃያ ሦስት ወይም ሃያ አራት ይሆናል። ስትስቅ ክር በጥርሷ ትቆርጣለች። አረንጓዴ ሻሽ ነበራት። ነጋዴውም ብትሆን፣ አስተናጋጇም ብትሆኚ፣ ጎረቤቷም ብትሆኑ፣ የምታውቋት ካላችሁ ዓይኗ ድኖ እንደሆነ ንገሩኝ።